የኢንፍሌሽን ፈተናና የመድረክ ምስክርነታችን

እዚህ ሳቢያን በትምህርት ክፍላችን ደጋግሞ የሚነሣ ጥያቄ አለ፦ «የዓለምን አጀማመር ማን አይቶ ነው ሳይንስ የሚፈትነው?» መልሱ ከመድረክ የምንናገረውን ስለሚነካ አብረን እንመልከተው።

እዚህ ላይ ኢንፍሌሽን የምንለው የገበያውን የዋጋ ንረት አይደለም። ጽንፈ ዓለም በመጀመሪያዋ ሴኮንድ እጅግ ኢምንት ክፍልፋይ ውስጥ በታላቅ ፍጥነት ተለጠጠ የሚለው ሐሳብ ነው። መለጠጡን ያመጣው፣ እንደ ማግኔታዊ መስክ በየስፍራው የሚገኝ አንድ መስክ ነው የሚሉ አሉ፤ ሁለትና ከዚያ በላይ መስኮች ነበሩ የሚሉም አሉ።

ያን ጊዜ ማንም አላየም፤ አሻራው ግን ይፈለጋል። መስኩ አንድ ከነበረ፣ የቁስና የብርሃን ምጣኔ በሁሉም ስፍራ እኩል መሆን አለበት፤ ብዙ ከነበሩ ሊለያይ ይችላል። ደግሞም መስኩ አንድ ከነበረ፣ ሰፋፊዎቹ የእፍጋት ልዩነቶች ከጥቃቅኖቹ ጋር ትስስር የላቸውም ማለት ይቻላል። ይህን ትስስር የሚለካው ቁጥር ያን ጊዜ ከዜሮ እምብዛም አይርቅም፤ በበርካታ ባለ ብዙ መስክ ሐሳቦች ግን 1 ገደማ ወይም ከዚያ በላይ ይሆናል።

እ.ኤ.አ. በ2009 የመጠቀው የአውሮፓ ሳተላይት ፕላንክ፣ ከጽንፈ ዓለም አጀማመር 380,000 ዓመት ገደማ በኋላ የተለቀቀውን ብርሃን ለካ። የመጨረሻው ትንተና ቁጥሩን −0.9 አደረገው፤ የስሕተት ወሰኑ ግን ወደ ላይም ወደ ታችም 5.1 ነው። ስለዚህ ትልልቅ ቁጥር የተነበዩ ሐሳቦች ወደቁ፤ በዜሮና በ1 መካከል ግን ገና አልተለየም። በ2025 የመጠቀው የናሳ ስፌሬክስ ቴሌስኮፕ በመቶ ሚሊዮኖች የሚቆጠሩ ጋላክሲዎችን በመመዝገብ ወሰኑን ከ1 በታች ለማድረስ ታቅዷል።

ልብ እንበል፤ ትስስሩ ቢገኝ ተራው የአንድ መስክ ሐሳብ ይወድቃል። ባይገኝ ግን ብዙ መስክ አልነበረም ማለት አይደለም፤ አነስተኛ ትስስር የሚተነብዩ ባለ ብዙ መስክ ሐሳቦችም አሉና።

መቸኮል ምን እንደሚያስከትል ከቅርብ ጊዜ ታሪክ እንማር። በ2014 በደቡብ ዋልታ የሚሠራው የባይሴፕ2 ቡድን የኢንፍሌሽንን የስበት ሞገድ አሻራ አገኘሁ ብሎ አስታወቀ። በ2015 ከፕላንክ ጋር በጋራ ሲመረመር፣ ምልክቱ ከጋላክሲያችን አቧራ ሊለይ አልቻለም፤ ማስረጃነቱም ቀረ። ዜናውን የዘፍጥረት 1፥1 ማረጋገጫ አድርጎ የሰበከ አገልጋይ ቢኖር፣ በዓመቱ ለጉባኤው ምን ይበል?

ዕብራውያን 11፥3 እንደሚያስተምረን፣ ስለ ፍጥረት ያለን እምነት በእግዚአብሔር ቃል ላይ ቆሟል፤ የቴሌስኮፕ ዜና ምሰሶ አያስፈልገውም። ይህ ግን ጥናቱን ለመናቅ ምክንያት አይሆንም። ተመራማሪዎቹ ስሕተታቸውን በአደባባይ አርመዋል። የሐሰት ምስክርነትን የሚከለክለው ትእዛዝ ስለ ሰማያት ስንናገርም ይመለከተናል፤ እኛስ ከመድረክ የተናገርነውን እንዲሁ ለማረም ዝግጁ ነን?