ክላክሱ የሚወፍረው ስለራቀ አይደለም

ከጋሸና ወደ ላሊበላ በሚወስደው መንገድ ዳር የቆመ ሰው፣ አይሱዙ ክላክሱን ሳያቋርጥ እያስጮኸ ሲመጣ ድምፁ ቀጠን ብሎ ይሰማዋል። አጠገቡ ደርሶ ሲያልፍ ድምፁ ባንዴ ይወፍራል። ለምን ቢባል «ስለራቀ ነዋ» የሚለው መልስ ይቀድማል። ርቀት ግን ድምፅን ያደክማል እንጂ አያወፍርም። የቤተ ክርስቲያን ደወል ከደጁም ከማዶ ተራራም ቢሰማ ቅጥነቱ ያው ነው።

ድምፅ በአየር ውስጥ በሞገድ ይጓዛል። መኪናው ወደ እኛ ሲገሰግስ እያንዳንዱን ሞገድ ከቀደመው ይልቅ ቀረብ ብሎ ስለሚለቀው ሞገዶቹ ይጠጋጋሉ፤ በሰከንድ ጆሯችን የሚደርሰው ሞገድ ይበዛል፤ ድምፁም ይቀጥናል። ሲሸሽ ይራራቃሉ። 400 ሄርዝ (በሰከንድ 400 ሞገድ) የሚጮኽ ክላክስ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ሲመጣ 421 ገደማ፣ ሲሄድ 381 ገደማ ሆኖ ይሰማል። ሾፌሩ ግን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የሚሰማው 400ውን ነው። ኦስትሪያዊው ክርስቲያን ዶፕለር ይህን ሐሳብ ያቀረበው በ1842 ሲሆን፣ በ1845 ኔዘርላንድ ውስጥ መለከት ነፊዎችን ባቡር ላይ አሳፍረው ፈትነውታል (ዘመኑ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው)።

የተማረውንም የሚያሳስተው «መኪናው እየቀረበ ሲሄድ ድምፁም እየቀጠነ ይሄዳል» የሚለው ነው። ፍጥነቱ ካልተለወጠ ድምፁ በጣም ቀጭን የሚሆነው ገና ከሩቅ ሳለ ነው፤ ወደ እኛ ሲጠጋ መውረድ ይጀምራል እንጂ አይወጣም። እየጨመረ የሚሄደው ጩኸቱ ነው፤ ጆሯችንም ሁለቱን ያምታታቸዋል።

ነፋስም በከንቱ ይታማል። ደወሉም ሰሚውም ቆመው ሳለ ያለማቋረጥ የሚነፍስ ነፋስ ድምፁን ያቀርበዋል ወይም ያርቀዋል፤ ቅጥነቱን አይነካም። ላሊበላ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሆነች «አየሩ ስስ ነው፣ ድምፅ ይዘገያል» የሚሉም አሉ። የድምፅን ፍጥነት በዋናነት የሚወስነው ሙቀት ነው፤ ደጋው ላይ ጥቂት የሚቀንሰው ስለሚበርድ ነው።

በጥምቀት ታቦት አጅቦ የሚመጣው ከበሮስ? በእግር እርምጃ የሚመጣው ለውጥ ከመቶ ግማሽ እጅ እንኳ አይሞላም፤ ጆሮ አይለየውም። የሚደምቀው ጉልበቱ ብቻ ነው።

የላስታ የፊዚክስ መምህራን፣ ይህን ትምህርት ሰሌዳ ላይ ብቻ አታስቀሩት። ተማሪዎቻችሁን ከመንገዱ ራቅ አድርጋችሁ አቁሙና የሚያልፈውን ክላክስ በስልክ ቅዱት፤ መጀመሪያውንና መጨረሻውን ደጋግመው ያዳምጡት።