ባለ ብዙ ካሜራ ማይክሮስኮፕና የፓተንት መብት፦ ሕግ የሚጠብቀው የትኛውን ነው?

ነጭ የደም ሕዋስ ወደ ተመረቀዘ ቁስል ይጓዛል፤ የካንሰር ሕዋስ ከተነሣበት አካል ተላቆ ወደ ሌላው ይሠራጫል፤ ሽልም ቅርጹን የሚይዘው ሕዋሳቱ በጊዜያቸው ወደየቦታቸው ሲሄዱ ነው። ይህን ጉዞ ለመከታተል በአንድ ጊዜ ከአንድ በላይ ካሜራ የሚጠቀሙ ማይክሮስኮፖች ተሠርተዋል። እንዲህ ያለ መሣሪያ ፓተንት ሊሰጠው ይችላል ወይ? የሚለው ጥያቄ የሕግ ባለሙያዎች ጉዳይ ብቻ መስሎ ሊታይ ይችላል። ሆኖም መልሱን ያላወቀ የጤና ባለሙያ ሁለት ዓይነት ጉዳት ሊደርስበት ይችላል፦ ጥበቃ የሚገባውን የራሱን ሥራ ሊያጣ፣ ወይም ማንም ሊከለክለው የማይችለውን ነገር የተከለከለ መስሎት ሊተው ይችላል።

የመሣሪያው አሠራር

ሕያው ሽል በአንድ ሌንስ ሲታይ ሁለት ችግሮች ያጋጥማሉ። አንደኛ፣ ብርሃን በሥጋ ውስጥ ሲያልፍ ስለሚበተን ከሌንሱ የራቀው ወገን ይደበዝዛል። ሁለተኛ፣ ሌላውን ወገን ለማየት ሽሉ ሲዞር ጊዜ ያልፋል፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ ሕዋሳቱ ቦታ ይለውጣሉ። እ.ኤ.አ. በ2012 በጀርመን ሃይደልበርግ በሚገኘው የአውሮፓ ሞለኪውላዊ ሥነ ሕይወት ላቦራቶሪና በአሜሪካ በጃኔሊያ የምርምር ማዕከል የሚሠሩ ሁለት ቡድኖች ለችግሩ ተመሳሳይ መፍትሔ አሳትመዋል። ሁለት ሌንሶች ከግራና ከቀኝ ስስ የብርሃን ንጣፍ ይልካሉ፤ ሌሎች ሁለት ሌንሶች ከሁለት ካሜራዎች ጋር ሆነው ከፊትና ከኋላ ምስሉን ይቀበላሉ። በዚህም የዝንብ ሽል ሳይዞር ከአራት አቅጣጫ የተገኘ ምስል ተሰብስቧል። እዚህ ላይ የምንጠቅሰው ለማብራሪያ ያህል እንጂ በአንድ በተወሰነ ፓተንት ላይ ፍርድ ለመስጠት አይደለም።

ሦስቱ መመዘኛዎች

በ1987 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ አዋጅ ቁጥር 123/1987 እንደ አውሮፓ የፓተንት ስምምነት ሁሉ ሦስት ነገሮችን ይጠይቃል፦ አዲስነት፣ የፈጠራ ብቃትና ኢንዱስትሪያዊ ተግባራዊነት። ማይክሮስኮፕ በፋብሪካ የሚመረት ዕቃ በመሆኑ ሦስተኛው አያስቸግርም። ክርክሩ በሁለቱ ላይ ነው።

አዲስነት የሚለካው ከማመልከቻው ቀን በፊት በዓለም ላይ ለሕዝብ ከተገለጸው ሁሉ ጋር ነው። ናሙናን ከጎን በስስ ብርሃን ማብራት በዚግሞንዲና በዚደንቶፕፍ እ.ኤ.አ. በ1903 ተገልጿል፤ ይኸው ሐሳብ እ.ኤ.አ. በ2004 ሕያው ሽልን ለማየት በዘመናዊ መልክ ቀርቧል። ስለዚህ ዛሬ «በስስ ብርሃን የሚሠራ ማይክሮስኮፕ» ብሎ የሚያመለክት ሰው ጥያቄው ውድቅ ይሆናል። አመልካቹ የራሱን መሣሪያ ከቀደሙት የሚለየውን ነገር ለይቶ መጻፍ ይኖርበታል።

የፈጠራ ብቃት ግን ከዚህ የጠለቀ ጥያቄ ነው። በሙያው የሠለጠነ ሰው የቀደመውን ዕውቀት ይዞ በቀላሉ ሊደርስበት የሚችል ነገር ፓተንት አያሰጥም። አንዱን ካሜራ ሁለት ወይም አራት ማድረግ ብቻውን የቁጥር ጭማሪ ነው። ነገር ግን ካሜራዎች ሲበዙ የአንዱ ወገን ብርሃን የሌላውን ምስል ያበላሻል፤ ምስሎቹም በጊዜና በቦታ መገጣጠም አለባቸው፤ አለዚያ አንዱ ሕዋስ ሁለት ሆኖ ይቆጠራል። ይህን መሰናክል ባልተጠበቀ መንገድ ያቃለለ ሰው የፈጠራ ብቃት አለው ሊባል ይችላል። መርማሪው የሚመዝነው መፍትሔውን ነው፤ የካሜራው ብዛት በራሱ ሚዛን አይደፋም።

ጥበቃ የማይሰጣቸው

አዋጁ ግኝትን፣ ሳይንሳዊ ንድፈ ሐሳብን፣ የሂሳብ ዘዴንና የኮምፒዩተር ፕሮግራምን ከፓተንት ውጭ አድርጓል። በሰው ወይም በእንስሳ አካል ላይ የሚፈጸም የቀዶ ሕክምና፣ የሕክምናና የምርመራ ዘዴም እንዲሁ ተለይቶ ወጥቷል። ለእነዚህ ዘዴዎች የሚያገለግል ዕቃ ግን ጥበቃ ሊያገኝ ይችላል። ስለዚህ ማይክሮስኮፑ ፓተንት ሊኖረው ይችላል፤ «ይህን ያህል የሚፈጥን ሕዋስ የዚህ በሽታ ምልክት ነው» የሚለው ዕውቀት ግን የማንም የግል ንብረት አይሆንም። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም እ.ኤ.አ. በ2012 በማዮና በፕሮሜቴየስ ክርክር ተመሳሳይ ውሳኔ ሰጥቷል። የቲዮፑሪን መድኃኒቶች ተረፈ ምርት በደም ውስጥ ያለው መጠንና የመድኃኒቱ ፈዋሽነት ወይም ጎጂነት ያላቸው ግንኙነት የተፈጥሮ ሕግ በመሆኑ፣ በተለመደ ምርመራ ላይ ተጨምሮ ብቻ ፓተንት አያሰጥም ብሏል። ሐኪም በሽተኛውን አይቶ የሚሰጠው ግምት ነጻ ሆኖ እንዲቆይ የዚህ ጥቅም ግልጽ ነው።

ከመናገር በፊት ማመልከት

ብዙ ተመራማሪዎች መብታቸውን የሚያጡት በሥራቸው ድክመት ሳይሆን በችኮላ ነው። በጉባኤ የቀረበ ጽሑፍ፣ የተለጠፈ ፖስተር፣ በቤተ መጻሕፍት የተቀመጠ የመመረቂያ ጽሑፍ፣ ሁሉም ለሕዝብ እንደተገለጸ ይቆጠራሉ። የኢትዮጵያው አዋጅና የአሜሪካ ሕግ አመልካቹ ራሱ ከገለጸ በኋላ የ12 ወር ጊዜ ይሰጣሉ፤ በአውሮፓ ግን ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በቀር እንዲህ ያለ ዕድል የለም። በተጨማሪም ሁለት ቡድኖች በአንድ ዓመት ተመሳሳይ ውጤት ላይ መድረሳቸው እንደሚያሳየው ሌላ ሰው ሊቀድም ይችላል። ቀድሞ ለፈጠረው መብት ትሰጥ የነበረችው አሜሪካም ከመጋቢት 16 ቀን 2013 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ቀድሞ ላመለከተው ትሰጣለች። ስለዚህ ማመልከቻው ይቅደም፤ ጽሑፉ ይከተል። ከማመልከት በፊትም በሥራ ላይ ያለውን ሕግ ከአእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን መጠየቅ ተገቢ ነው።

በመጨረሻም ፓተንት የሚጸናው በተሰጠበት አገር ነው። በውጭ አገር ብቻ የተመዘገበ ማይክሮስኮፕ ኢትዮጵያ ውስጥ ተሠርቶ ለአገር ውስጥ አገልግሎት ቢውል ያ ፓተንት አይከለክለውም፤ ፓተንቱ ወደሚሠራበት አገር መሸጥ ግን አይቻልም። የፓተንት ሰነዶች ከነሥዕላቸው ለሕዝብ የሚታተሙት ሌላው ሰው እንዲማርባቸው ነው። የቆየ ማይክሮስኮፕ ላይ ካሜራ ገጥሞ የሕዋስን ጉዞ ለመቅረጽ የሚጥር የላቦራቶሪ ባለሙያ እነዚህን ሰነዶች ቢያነብ ሌሎች የደከሙበትን ድጋሚ ከመድከም ይድናል፤ አዲስ ነገር ያገኘ እንደሆነም ከቀደሙት በምን እንደሚለይ ለይቶ መጻፍ ይችላል።