ያገለገለ ሞተር ብስክሌት ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚገዛ ሰው የሚሰጥ ምክር

ሞተር ብስክሌት ለገበሬ ወተቱንና አትክልቱን ሳይበላሽ ገበያ ለማድረስ፤ ለልማት ሠራተኛም ከቀበሌ ወደ ቀበሌ ለመመላለስ ትልቅ አገልግሎት ይሰጣል። የአዲሱ ዋጋ ስለሚከብድ ብዙ ሰው ያገለገለውን ይገዛል። ይህ ጥፋት አይደለም፤ ጥፋቱ ሳይመረምሩ መግዛት ነው። በሬ የሚገዛ ገበሬ ጥርሱን ሳያይ፤ ሳያስኬደውና ሻጩ ማን እንደ ሆነ ሳይጠይቅ ገንዘብ አይቈጥርም። ሞተር ብስክሌትም የሚገዛው በዚሁ ጥንቃቄ ነው።

1ኛ/ አስቀድሞ ገንዘብን መመደብ

ሻጩ የሚጠራው ዋጋ የመጨረሻው ወጪ አይደለም። ከግዢው በኋላ የዘይት፤ የጎማ፤ የካቴና፤ የፍሬን ሸራ፤ የስም ማዛወሪያ፤ የሦስተኛ ወገን መድንና የዓመታዊ ምርመራ ወጪ ይከተላል። ስለዚህ ገዢው ካለው ገንዘብ ከ5 እጅ 1ዱን ለይቶ ያስቀምጥ። ለምሳሌ 100,000 ብር ያለው ሰው ከ80,000 ብር በላይ ባይገዛ ይሻለዋል። የሚያርስበትን በሬ ሸጦ መግዛት ግን አይመከርም። ሞተሩ በሰኔ ወር ቢበላሽ ገበሬው መጓጓዣም በሬም ሳይኖረው ክረምቱ ይገባበታል።

2ኛ/ ለአገሩ የሚስማማውን መምረጥ

የሞተር መጠን የሚነገረው በሲሲ ነው። ብቻውን ለሚሄድና ቀላል ዕቃ ለሚይዝ ሰው ከ100 እስከ 125 ሲሲ ይበቃል፤ ቤንዚንም ይቈጥባል። ዳገት ለበዛበት አገርና ለጭነት 150 ሲሲ ይሻላል። ከፍታው 1,000 ሜትር በጨመረ ቍጥር የሞተሩ ጉልበት ከ100 እጅ 10 እጅ ያህል ስለሚቀንስ፤ በቈላ በደንብ የሚጐትት ሞተር በደጋ ሊደክም ይችላል። የተቻለ እንደ ሆነ ገዢው በሚኖርበት አገር ዳገት ላይ ይሞክረው።

ስሙን ከመምረጥ በፊት በቅርቡ ከተማ ያለውን መካኒክ፦ «የየትኛውን ዓይነት መለዋወጫ እዚህ አገኛለሁ?» ብሎ መጠየቅ ይገባል። ቦክሰር ይሁን ቲቪኤስ ወይም ያማሃ፤ መለዋወጫው ሩቅ ከሆነ ርካሽነቱ ከንቱ ነው።

3ኛ/ ሞተሩን ሳይሞቅ መመርመር

ገዢው ማለዳ ሄዶ፤ ከመነሣቱ በፊት ሞተሩን በእጁ ይዳስስ። ሞቆ ካገኘው ሻጩ አስቀድሞ አስነሥቶታል ማለት ነውና፤ እስኪቀዘቅዝ ይጠብቅ ወይም በሌላ ቀን ይመለስ። የደከመ ሞተር ችግሩን የሚያሳየው በቀዝቃዛነቱ ሲነሣ ነው።

የማስነሻው ፔዳል ሲረገጥ እግርን መግፋት አለበት። ያለ ተቃውሞ ከወረደ ሞተሩ ውስጡ አልቋል ብሎ መጠርጠር ይገባል። ባለ አራት ምት ሞተር ሰማያዊ ጢስ ካወጣ ዘይት እየበላ ነው፤ ጥቁር ጢስ ካወጣ ቤንዚን በዝቶበታል። ሁለተኛው በቀላሉ ሊስተካከል ይችላል፤ የመጀመሪያው ግን ብዙ ወጪ ይጠይቃል። እንደ ቀድሞው ያማሃ ዲቲ 125 ያለ ባለ ሁለት ምት ሞተር ግን ዘይት ከቤንዚን ጋር ስለሚያቃጥል ጥቂት ሰማያዊ ጢስ ቢታይበት አያስደንቅም። የባለ አራት ምቱ ዘይት ወተት መስሎ ከነጣ ውሃ ገብቶበታል፤ ይህም ወንዝ በሚሻገሩት ላይ ይደርሳል።

4ኛ/ አካሉን መመልከት

የኪሎ ሜትር ቈጣሪውን ማመን አይገባም፤ ሊፈታ ወይም ወደ ኋላ ሊመለስ ይችላልና። ይልቅስ የእግር መርገጫውንና የእጅ መያዣውን ላስቲክ መመልከት ነው። ቈጣሪው ጥቂት እያሳየ ላስቲኩ ተበልቶ ካለቀ ቈጣሪው ዋሽቷል።

ካቴናውን በኋለኛው ጥርስ ላይ ወደ ኋላ ሲስቡት የጥርሱ ግማሽ ከተጋለጠ ካቴናው አልቋል፤ ጥርሱም እንደ መንጠቆ ከታጠፈ አብሮ መለወጥ አለበት። ጎማውን ወደ ግራና ወደ ቀኝ ሲያነቃንቁት ከተወዛወዘ ኩሽኔታው ተበልቷል። መሪው ከሻንሲው ጋር በሚገናኝበት ቦታ አዲስ ቀለም ወይም ብየዳ ከታየ ሞተር ብስክሌቱ ተጋጭቶ እንደ ሆነ ይጠየቅ። ሻንሲው የተጣመመውን በማናቸውም ዋጋ መግዛት አይገባም፤ የነጂውን ሕይወት ያሰጋልና።

5ኛ/ ወረቀቱን ማረጋገጥ

በሊብሬው ላይ ያለው የሞተር ቍጥር፤ የሻንሲ ቍጥርና ታርጋ በሞተር ብስክሌቱ ላይ ካለው ጋር አንድ መሆኑን አንድ በአንድ ማመሳከር ይገባል። ቍጥሩ ተፍቆ ወይም እንደገና ተመትቶ ከተገኘ የተሰረቀ ሊሆን ስለሚችል ግዢው ይቅር። ዕዳ ወይም እገዳ እንዳለበት ከመዘገበው የትራንስፖርት መሥሪያ ቤት ይጠየቅ። ሻጩ የሊብሬው ባለቤት ካልሆነ ሕጋዊ ውክልናውን ያሳይ። ውሉ ሰነድ በሚያረጋግጥ መሥሪያ ቤት ሳይፈረም ሙሉ ገንዘብ አይከፈል።

የልማት ሠራተኞች በዚህ ረገድ ገበሬውን ሊረዱት ይችላሉ። ሊብሬውን ማንበብ ለሚቸግረው ያንብቡለት፤ የሻጩ ወዳጅ ያልሆነ መካኒክም ያሳዩት። ለመካኒኩ የሚከፈለው የግማሽ ቀን ዋጋ ከሞተር ማደሻ ወጪ ጋር ሲነጻጸር እጅግ ትንሽ ነው። ሻጩ «ዛሬ ካልወሰድከው ሌላ ሰው ይወስደዋል» ብሎ ቢያጣድፍም ምርመራው አይቋረጥ። የሚቀጥለው የገበያ ቀን ሌላ ይዞ ይመጣል።