ውዲ የማን ነው? የዲዝኒና የፒክሳር ውህደት በአድናቂዎች ዓይን

የዋልት ዲዝኒ ኩባንያ ፒክሳር የተባለውን የአኒሜሽን ስቱዲዮ ለመጠቅለል መስማማቱን ያስታወቀው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ጃንዋሪ 24 ቀን 2006 ነው። ዋጋው 7.4 ቢሊዮን ዶላር ሲሆን የተከፈለውም በአክሲዮን ነበር፤ አንድ የፒክሳር አክሲዮን ያለው ሰው በምትኩ 2.3 የዲዝኒ አክሲዮን ያገኛል። የገንዘብ ገበያው ሰዎች ዋጋው በዝቷል ወይስ አልበዛም እያሉ ሲከራከሩ፣ የፊልሞቹን አድናቂዎች ያስጨነቃቸው ሌላ ጉዳይ ነበር። ከእንግዲህ ታሪኩን የሚመርጠው፣ ገጸ ባሕርያቱን የሚያዘው ማን ነው?

አድናቂዎቹ በሁለት ጎራ ተከፈሉ። የፒክሳር ወዳጆች ትንሹን ስቱዲዮ ትልቁ ኩባንያ ውጦ፣ እንደ ሌላው ሸቀጥ ሁሉ ፊልም እየደጋገመ ያመርትበታል ብለው ሠጉ። በዲዝኒ ፊልሞች ያደጉት ደግሞ ደስ አላቸው፤ ለዓመታት ሲዳከም ያዩትን ቤት የሚያድኑት ሙያውን የሚያውቁ ሰዎች ናቸው ብለው ያምኑ ነበርና። የሁለቱም ስሜት ምክንያት ነበረው። ያንን ምክንያት ለማየት ከውህደቱ በፊት ወደነበሩት ዓመታት መመለስ ያስፈልጋል።

ፒክሳር መጀመሪያ የጆርጅ ሉካስ የፊልም ኩባንያ የኮምፒውተር ክፍል ነበር። በ1986 ስቲቭ ጆብስ ገዝቶት ራሱን የቻለ ድርጅት አደረገው። በ1991 ከዲዝኒ ጋር የሦስት ፊልሞች ውል ተፈራረመ፤ የመጀመሪያው ፍሬም ሙሉ በሙሉ በኮምፒውተር የተሠራ የመጀመሪያው ሙሉ ርዝመት ያለው የአኒሜሽን ፊልም ሆነ። በኖቬምበር 1995 የወጣው «ቶይ ስቶሪ» ነው። በ1997 ይህን የተካው ውል ደግሞ አምስት ፊልሞችን የሚመለከት ሲሆን ወጪውንም ትርፉንም እኩል የሚያካፍል ነበር። ነገር ግን ገጸ ባሕርያቱም ሆኑ ተከታይ ፊልም የመሥራት መብቱ የዲዝኒ ነበሩ። የ«ቶይ ስቶሪ» ጀግኖች የሆኑትን ካውቦዩን ውዲንና የጠፈር ተጓዡን በዝ ላይትይርን ፒክሳር ወለደ፣ አሳደገ፤ በወረቀት ላይ ግን ልጆቹ የዲዝኒ ነበሩ።

ጠቡን ያባባሰው ይኸው የተከታይ ፊልም ጉዳይ ነው። መጀመሪያ ለቤት ውስጥ ቪዲዮ ብቻ ታስቦ የተጀመረው «ቶይ ስቶሪ 2» በ1999 ለሲኒማ በቃ፤ ዲዝኒ ግን ተከታይ ስለሆነ ከአምስቱ አይቆጠርም አለ። የጆብስና የዲዝኒው ዋና ሥራ አስፈጻሚ የማይክል አይዝነር ግንኙነት እየሻከረ ሄዶ በጃንዋሪ 2004 ድርድሩ ተቋረጠ። ዲዝኒ ወዲያው ሰርክል ሰቨን የተባለ ስቱዲዮ አቋቁሞ፣ ፒክሳር በሌለበት የፒክሳርን ፊልሞች ተከታይ ሊሠራ ተነሣ። ለ«ቶይ ስቶሪ 3» አንድ ጽሑፍ እስከ መዘጋጀት ተደርሶ ነበር፤ በዚያ ታሪክ በዝ ተበላሽቶ ወደተሠራበት አገር ወደ ታይዋን ይላካል።

የአድናቂዎቹ ምሬት የከፋው በዚህ ወቅት ነው። ገጸ ባሕርይ ከፈጣሪዎቹ ተነጥሎ ለማያውቁት እጅ መሰጠቱ ከማንኛውም የአክሲዮን ሽያጭ ይልቅ አስቆጣቸው። ውህደቱን በአንድ ልብ ያልተቃወሙትም ለዚህ ይመስላል። ዲዝኒ ፒክሳርን ጠቀለለ ማለት ውዲ ወደ ፈጣሪዎቹ ጠረጴዛ ተመለሰ ማለትም ነበር። ሰርክል ሰቨን ውህደቱ በተደረገበት ዓመት ተዘጋ፣ ጽሑፎቹም ተጣሉ፤ ዜናው ከውህደቱ ራሱ ያላነሰ ደስታ ፈጠረ።

በዲዝኒ በኩልም ቁስሉ ትኩስ ነበር። «ትሬዠር ፕላኔት» በ2002 ከስሮ ነበር፤ «ሆም ኦን ዘ ሬንጅ»ም በ2004 ተመልካች አጣ። ኩባንያው በእጅ ከሚሳል አኒሜሽን ለመውጣት ወስኖ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሠራተኞችን አሰናበተ፤ «ሊሎ ኤንድ ስቲች» የተሠራበት የፍሎሪዳ ስቱዲዮም ተዘጋ። የዋልት ዲዝኒ የወንድም ልጅ ሮይ ዲዝኒ በኖቬምበር 2003 ከቦርዱ ለቅቆ በአይዝነር ላይ ዘመቻ ከፈተ። ኩባንያው ነፍሱን አጥቷል የሚለው ክሱ አክሲዮን ካላቸውም ከሌላቸውም አድናቂዎች ድጋፍ አገኘ። በማርች 2004 በተደረገው የባለአክሲዮኖች ጉባኤ አይዝነር 43 በመቶውን ድምፅ ተነፈገ፤ እሱም በቀጣዩ ዓመት ሥልጣኑን ለቦብ አይገር አስረከበ።

አይገር የውህደቱን ሐሳብ ያገኘው በ2005 የሆንግ ኮንግ ዲዝኒላንድ ሲከፈት መሆኑን በኋላ ተርኳል። በመክፈቻው ሰልፍ ላይ ከታዩት፣ ባለፉት አሥር ዓመታት የወጡት ገጸ ባሕርያት የፒክሳር ብቻ ነበሩ። ከጆብስ ጋር ተቀምጠው ጥቅሙንና ጉዳቱን በሰሌዳ ላይ ሲዘረዝሩ፣ ጆብስ በጉዳቱ በኩል መጀመሪያ የጻፈው የዲዝኒ ባህል ፒክሳርን ያጠፋዋል የሚል ነበር። የአድናቂዎቹ ሥጋት የፍቅር ብዥታ ብቻ እንዳልነበረ ይህ ያሳያል፤ ሻጩም ራሱ ያንኑ ፈርቶ ነበር።

ለዚህም ሲባል በስምምነቱ ላይ ፒክሳር ስሙንና በካሊፎርኒያ ኤመሪቪል ያለውን ግቢውን እንዲይዝ፣ ሠራተኞቹም የኖሩበት ልማድ እንዳይነካ በጽሑፍ ሰፈረ። ከፒክሳር ሰዎች መካከል ኤድ ካትመል የሁለቱም የአኒሜሽን ስቱዲዮዎች ፕሬዚዳንት፣ ጆን ላሰተር ደግሞ የፈጠራ ሥራው የበላይ ኃላፊ ሆኑ። ይህ ሹመት አድናቂዎችን በተለይ ያስደሰተበት ምክንያት አለ፤ ላሰተር በወጣትነቱ በዲዝኒ ሠርቶ፣ የኮምፒውተር አኒሜሽን ይሞከር ብሎ ሲወተውት በ1980ዎቹ መጀመሪያ የተባረረ ሰው ነበር። የገዛው ኩባንያ የተገዛውን ስቱዲዮ ሰዎች በራሱ ላይ መሾሙ በንግዱ ዓለም ብዙ አይታይም።

የዲዝኒ ወዳጆች ተስፋ በአብዛኛው ሠመረ። የቆዩ ፊልሞችን ስም እየወሰዱ በርካሽ ለቪዲዮ የሚዘጋጁት ተከታዮች ቆሙ። በእጅ የሚሳለው ጥበብም በ2009 በ«ፕሪንሰስ ኤንድ ዘ ፍሮግ» ተመለሰ፤ ሆኖም ከ2011ዱ የ«ዊኒ ዘ ፑ» ፊልም በኋላ ስቱዲዮው በዚያ መንገድ ሙሉ ርዝመት ያለው ፊልም አላወጣም። ያንን ጥበብ የሚወዱት ዛሬም የሚያዝኑበት ጉዳይ ነው፣ ኀዘናቸውም ተገቢ ነው። በኮምፒውተር የተሠራው «ፍሮዝን» ግን በ2013 ወጥቶ ከ1.2 ቢሊዮን ዶላር በላይ አስገባ፤ ለስቱዲዮውም በምርጥ የአኒሜሽን ፊልም ዘርፍ የመጀመሪያውን ኦስካር አመጣለት።

በፒክሳር በኩል ያለው ሒሳብ ግን ከባድ ነው። ውህደቱ እስከተጠናቀቀበት እስከ 2006 ድረስ ከሠራቸው ሰባት ፊልሞች ተከታይ የነበረው አንዱ ብቻ ነው። ከ2010 እስከ 2019 ካወጣቸው 11 ፊልሞች ውስጥ ግን ሰባቱ የቀድሞ ፊልሞች ተከታይ ወይም ቅድመ ታሪክ ናቸው። አድናቂዎች ይህን እያነሱ የፈራነው ደረሰ ይላሉ። ክሱ እውነት አለው፤ ጥፋቱን ሁሉ በዲዝኒ ላይ መጣል ግን ትክክል አይደለም። ብዙ የተነቀፈውን «ካርስ 2»ን ያዘጋጀው ላሰተር ራሱ ነበር። በዚሁ ዘመን የተሠሩት «ኢንሳይድ አውት» እና «ኮኮ»ም አዲስ ታሪክ የመፍጠር አቅሙ እንዳልነጠፈ አሳይተዋል። ከዚህ ይልቅ ፒክሳርን የጎዳው በኮቪድ ወረርሽኝ ዓመታት የተወሰደው ውሳኔ ሳይሆን አይቀርም። «ሶል»፣ «ሉካ» እና «ተርኒንግ ሬድ» በአሜሪካ ሲኒማ ቤቶችን አልፈው በቀጥታ ለዲዝኒ የኢንተርኔት ቻናል ተለቀቁ፤ ቤተሰቦችም የፒክሳርን አዲስ ፊልም ቤታቸው ሆነው መጠበቅን ለመዱ።

ፒክሳር ያገኘው ጥበቃ ምን ያህል ዋጋ እንዳለው የሚታየው ካላገኘው ስቱዲዮ ጋር ሲነጻጸር ነው። የ«አይስ ኤጅ» ሠሪ ብሉ ስካይ በ2019 ከፎክስ ንብረቶች ጋር ተጠቃሎ ወደ ዲዝኒ ገባ። የራሱን ሰዎች ወንበር የሚያስጠብቅለት እንደ ፒክሳር ያለ ስምምነት አልነበረውም፤ በአፕሪል 2021 ተዘጋ። ብዙ የተሠራለት «ኒሞና» የተባለው ፊልምም ተሰረዘ። አድናቂዎች እጅግ አዘኑ። ፊልሙን ሌሎች ኩባንያዎች አንሥተው ጨርሰው በ2023 በኔትፍሊክስ ሲያወጡት ለኦስካር ታጨ።

አድናቂዎች ከስቱዲዮዎች የሚጠይቁት አዲስ ታሪክ ነው፤ የትኬት ሽያጩ ግን በሌላ መንገድ ይሄዳል። በ2024 «ኢንሳይድ አውት 2» ከ1.6 ቢሊዮን ዶላር በላይ አስገብቶ በፒክሳር ታሪክ ከፍተኛውን ገቢ አስመዘገበ። በቀጣዩ ዓመት የወጣው «ኤሊዮ» ከቀድሞ ፊልም ያልተቀዳ አዲስ ታሪክ ነበር፤ በአሜሪካ በመክፈቻው ሳምንት መጨረሻ ያስገባው 21 ሚሊዮን ዶላር ያህል ሲሆን፣ ከስቱዲዮው ፊልሞች ሁሉ ዝቅተኛው የመክፈቻ ገቢ ሆኗል።