ምዕራፍ ስድስት፦ ስንት ሰው ነው እዚያ ያለው?

የእርስ በርስ ጦርነት በደል ሲነሳ ቀድሞ የሚታሰበን ጥይትና ቦምብ ነው። እኔ ግን አንባቢን በቆጠራ በኩል ላስገባው እፈልጋለሁ፤ ብዙ ጊዜ ሰው በከባድ መሣሪያ ከመገደሉ በፊት ከመዝገብ ይጠፋልና።

በ2009 (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ፣ በሰሜን ስሪ ላንካ ቫኒ በሚባለው አካባቢ፣ መንግሥት በጦርነቱ መካከል የቀሩትን ሰላማዊ ሰዎች ወደ 70 ሺህ ገደማ ያደርሳቸው ነበር። እዚያው ከሕዝቡ ጋር የነበሩት የራሱ የአካባቢ ሹማምንት ደግሞ ወደ 330 ሺህ እንደሚጠጉ ለበላዮቻቸው ጻፉ። ተሳስታችኋል ተባሉ። ምግብና መድኃኒት የሚፈቀደው ግን በትንሹ ቁጥር ልክ ነው። የተባበሩት መንግሥታት ዋና ጸሐፊ ያቋቋሙት የባለሙያዎች ቡድን በ2011 ባወጣው ሪፖርት፣ መንግሥት ቁጥሩን ሆን ብሎ አሳንሷል ማለቱ ለዚህ ነው። ቁጥር ሲያንስ እህሉ ያንሳል፤ በኋላም የሟቾቹ ቁጥር ያንሳል።

ሰዎቹ እዚያ እንዴት ተከማቹ? ከ1983 ጀምሮ ከመንግሥት ጋር ሲዋጉ የኖሩት የታሚል ነብሮች ጥር 2 ቀን 2009 ዋና ከተማቸውን ኪሊኖችቺን ሲያጡ ሕዝቡን አስከትለው ወደ ምሥራቁ የባሕር ዳርቻ አፈገፈጉ። ሕዝቡ ይጠቅማቸዋል፤ ምሽግ ይቆፍራል፣ ልጆቹ በግድ ይመለመላሉ፣ ብዛቱም ጋሻ ይሆናል። ሾልኮ ሊወጣ የሞከረውን ተኩሰው ይገድሉ ነበር። የተባበሩት መንግሥታት የውጭ አገር ሠራተኞች ከወራት በፊት፣ በመስከረም 2008፣ መንግሥት ለደኅንነታችሁ ዋስ አልሆንም ስላላቸው ከኪሊኖችቺ ሲወጡ ነዋሪው በራፋቸው ላይ ተሰብስቦ አትሂዱብን ብሎ ለምኗቸዋል። አለመሰማቱ ዋጋ አስከፍሏል፤ ከዚያ በኋላ በቦታው ሆኖ የሚቆጥር የውጭ ዓይን እምብዛም አልቀረም።

መንግሥት ጥር 20 ቀን “ከተኩስ ነፃ ቀጠና” አወጀ። ሕዝቡ ወደዚያ ገባ፤ ቀጠናው ግን በከባድ መሣሪያ ተደበደበ። በየካቲት ሁለተኛ ቀጠና በናንቲካዳል ሐይቅና በባሕሩ መካከል ባለች ቀጭን መሬት ላይ ታወጀ፤ በግንቦት ከዚያም የጠበበ ሦስተኛ ተከተለ። ሆስፒታሎች የሚገኙበት ቦታ ለጦሩ አስቀድሞ ተነግሮ ነበር፤ ቢሆንም ተመቱ። በመጨረሻዎቹ ወራት እስከ 40 ሺህ ሰላማዊ ሰዎች ሞተው ሊሆን እንደሚችል ያው የባለሙያዎች ቡድን ገምቷል። በቀጠናው ሆነው ቁስለኛ ያከሙና ለጋዜጠኞች መረጃ የሰጡ የመንግሥት ሐኪሞች ከጦርነቱ በኋላ ታሰሩ፤ በሐምሌም ጋዜጠኞች ፊት ቀርበው የተናገርነው የተጋነነ ነበር አሉ። በእስር ላይ ሆኖ የተሰጠ ቃል ምን ያህል እንደሚታመን ለአንባቢ እተወዋለሁ።

እዚህ ላይ ሰው “ታዲያ ጥፋተኛው ማነው?” ማለቱ አይቀርም። ሕጉ የሚጠይቀው ሌላ ነው። የ1949ኙ የጄኔቫ ስምምነቶች የጋራ አንቀጽ 3 መንግሥትንም አማፂንም እኩል ይይዛል፤ የአንዱ ወንጀል ለሌላው ፈቃድ አይሆንም። ነብሮቹ ሰዉን ጋሻ ማድረጋቸው ጦሩን ከጥንቃቄ ግዴታ አላወጣውም። ነብሮቹም ቢሆኑ ማፈናቀልን የጀመሩት ያን ጊዜ አይደለም፤ በጥቅምት 1990 ከ70 ሺህ በላይ ሙስሊሞችን ከሰሜኑ ክፍል አባረዋል፤ የጃፍና ከተማ ሙስሊሞች ንብረታቸውን ጥለው እንዲወጡ የተሰጣቸው ሁለት ሰዓት ነበር። በደል ደርሶብኛል የሚል ታጣቂ ራሱ በዳይ መሆኑ ብርቅ አይደለም፤ የዚህ ጦርነት አስቸጋሪው ገጽም ይኸው ነው።

በግንቦት 2009 ጦርነቱ ሲያበቃ የቁጥሩ ነገር ራሱን ገለጠ። ከ280 ሺህ በላይ ሰው ወጥቶ በሽቦ በታጠሩ ካምፖች ውስጥ ገባ፤ ትልቁ ማኒክ ፋርም ነበር። መንግሥት በሚያዝያ ወር እንኳ የቀሩት ከ20 ሺህ አይበልጡም ይል ነበር። ለወራት ያለ ፈቃድ መውጣት አይቻልም፤ ታጣቂ ነበር ተብሎ የተጠረጠረ ከቤተሰቡ ተለይቶ ይወሰዳል። እነዚህ ሰዎች ድንበር ስላልተሻገሩ የ1951ዱ የስደተኞች ስምምነት አይመለከታቸውም። በአገር ውስጥ የተፈናቀሉትን የሚመለከቱት የ1998ቱ መመሪያዎች ደግሞ እንደ ስምምነት የሚያስገድዱ አይደሉም። አፍሪካ በዚያው በ2009 የካምፓላን ስምምነት አውጥታ ይህን ክፍተት በአስገዳጅ ሕግ ለመሙላት ሞክራለች፤ ኢትዮጵያም በ2020 ተቀብላዋለች። እስያ እንዲህ ያለ ስምምነት የላትም።

ማኒክ ፋርም በመስከረም 2012 ተዘጋ፤ መንግሥትም ከእንግዲህ ተፈናቃይ የለም አለ። በመጨረሻ ከወጡት መካከል የኬፓፒላቩ መንደር ሰዎች ነበሩ። መሬታቸውን ጦሩ ይዞት ስለነበር ወደ ሌላ ቦታ ተወስደው ሰፈሩ፤ በመንግሥት ቆጠራ ግን ከእንግዲህ ተፈናቃዮች አልነበሩም።