ሞተሩ ይቅደም ወይስ ወንበሩ?

«ቪ ኤይት» ሲባል እኛ አገር ሰው ቶሎ ትዝ የሚለው መስታወቱ የጠቆረ የባለሥልጣን ላንድ ክሩዘር ነው። ቃሉ ግን የሞተር አሠራር ስም ነው። ስምንት ሲሊንደሮች አራት አራት ሆነው በእንግሊዝኛው «ቪ» ፊደል ቅርጽ ሲደረደሩ ቪ ኤይት ይባላል። አሜሪካኖች እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ይህን ትልቅ ሞተር በመካከለኛ መኪና ውስጥ እየከተቱ «መስል ካር»፣ በእኛ አባባል ባለጡንቻ መኪና፣ የሚሉትን ነገር ፈጠሩ። በ1964 የወጣው ፖንቲያክ ጂ ቲ ኦ 6.4 ሊትር ሞተርና 325 የፈረስ ጉልበት ነበረው። ዛሬ እነዚያ መኪኖች አርጅተዋል። የሚያድሷቸው ሰዎች ታዲያ ሁልጊዜ በሁለት ጥያቄ ይከራከራሉ፤ የትኛውን ሞተር እናስገባ? ውስጡንስ እንዴት እናድርገው?

ውድ አንባቢያን፣ «ይሄ ከእኛ ጋር ምን አገናኘው?» እንዳትሉ። እኔ ባደግሁበት በሻኪሶ ፖንቲያክ የለም። አሮጌ ላንድ ክሩዘር ግን አለ፤ ጋራዥ በር ላይ የሚነሳውም ክርክር ያው ነው። ልዩነቱ አሜሪካዊው ለእሁድ ሽርሽር ሲያድስ የእኛ ሰው ለእንጀራው የሚያድስ መሆኑ ነው። በዚህ ጽሑፍ ምርጫው በምን መመዘን እንዳለበት አብረን እናያለን።

ለምን አዲስ አይገዛም?

ሻኪሶ በጉጂ ዞን የምትገኝ የወርቅና የቡና ከተማ ናት። የለገ ደምቢ ወርቅ ማዕድን ቅርቧ ነው፤ የጉጂ ቡና ደግሞ በውጭ ገበያ ስሙ የታወቀ ነው። ዝናቡ በዓመት ሁለቴ፣ በጸደይና በመኸር ይመጣል። ዝናብ ሲጥል ቀዩ አፈር ጭቃ ሆኖ የገጠሩን መንገድ ይውጠዋል። በዚህ ጊዜ ቡናውንም፣ ገበያተኛውንም፣ ምጥ የያዛትንም ሴት የሚያወጣው ከፍ ያለ ባለ አራት ጎማ ነጂ መኪና ነው።

አዲስ ለመግዛት መጀመሪያም ገንዘቡ የለም። በዚያ ላይ በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ያገለገለ መኪና ዕድሜው በጨመረ ቁጥር ታክሱም እንዲጨምር አደረገ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን አስታወቀ። በመሆኑም እጅ ላይ ያለችው አሮጌ መኪና ዋጋዋ ከፍ አለ፤ ማደሱም እንደ ድሮው የሱስ ጉዳይ ሳይሆን የግድ ጉዳይ ሆነ።

መኪናው ምን ይዞ ተወለደ?

ማንኛውም ምርጫ የሚጀምረው መኪናው ሲፈጠር ምን እንደነበረ ከማወቅ ነው። ቶዮታ «ላንድ ክሩዘር» የሚለውን ስም መጠቀም የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1954 ነው። በዓለም ዙሪያ ስሙን ያስጠራው ባለ 40 ተከታታይ የሚባለው ሞዴል ከ1960 እስከ 1984 ተመርቷል። የቤንዚኑ ዓይነት መጀመሪያ 3.9 ሊትር፣ ከ1975 ጀምሮ ደግሞ 4.2 ሊትር የሆነ ባለ ስድስት ሲሊንደር ሞተር ነበረው። በ1974 ባለ 3.0 ሊትር ባለ አራት ሲሊንደር የናፍጣ ዓይነት ወጣ፤ ቆይቶ 3.4 ሊትሩ ተከተለው። በ1984 ባለ 70 ተከታታዩ መጣ። በ1990 ደግሞ ሜካኒኮች እስከ ዛሬ የሚምሉበት «ዋን ኤች ዜድ» የሚባለው 4.2 ሊትር ባለ ስድስት ሲሊንደር የናፍጣ ሞተር ወጣ። ተርቦ የለውም፣ ኮምፒውተር አያስፈልገውም፣ ጉልበቱም 130 ፈረስ ገደማ ነው።

130 ከጂ ቲ ኦው 325 ጋር ሲነጻጸር ያስቃል። ግን የፈረስ ጉልበት ብቻውን ምንም አይነግረንም። የቤንዚን ቪ ኤይት ያን ሁሉ ጉልበት የሚያወጣው ሞተሩ በጣም ሲሽከረከር ነው። የናፍጣው ሞተር ግን ገና ቀስ ብሎ እየዞረ ሳለ ጠንክሮ ይጎትታል። ቡና ጭኖ ጭቃ ውስጥ የገባ መኪና የሚፈልገው ፍጥነት ሳይሆን ይህን ዝግ ያለ ጉተታ ነው።

የሞተር ምርጫ፦ ስድስት ጥያቄዎች

አንደኛ፣ ምን ይጠጣል? ያ ባለ 4.2 ሊትር ቤንዚን በአንድ ሊትር 4 ወይም 5 ኪሎ ሜትር ቢሄድ ነው። የናፍጣው ወደ እጥፍ ሊጠጋ ይችላል። ነዳጅ በጀሪካን በሚሸጥበት ቦታ ይህ ልዩነት የቤተሰቡ የወር አስቤዛ ነው። ናፍጣ ሌላም ጥቅም አለው፤ ካንዴላ ስለሌለው ወንዝ ሲሻገር ውኃ ነክቶት ቶሎ አይጠፋም።

ሁለተኛ፣ ከፍታውን ይችላል? ወደ ላይ በወጣን ቁጥር አየሩ ይሳሳል። ተርቦ የሌለው ሞተር በየ1,000 ሜትሩ ከጉልበቱ ወደ 10 በመቶ ያጣል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች እዚያ ሲደርስ አንድ አምስተኛው ጉልበት ወረቀት ላይ ቀረ ማለት ነው። ካርቡሬተር ያለው ቤንዚን ደግሞ አየሩ ሲሳሳ ነዳጁ ስለሚበዛበት ያጨሳል፤ ካልተስተካከለ በከንቱ ይበላል። ተርቦ የሚያደርገው አየሩን ጠቅጥቆ በማስገባት ይህን ኪሳራ ማካካስ ነው። ለተርቦ ባልተሠራ አሮጌ ሞተር ላይ ከተገጠመ ግን ሙቀቱ ስለሚጨምር ቴስታታውን ሊሰነጥቀው ይችላል።

ሦስተኛ፣ መለዋወጫው የት ነው? በሻኪሶ የተበላሸ መኪና ዕቃው ከአዋሳ ወይም ከመርካቶ ሶማሌ ተራ እስኪመጣ ድረስ ይቆማል። ስለዚህ ጥሩ ሞተር ማለት ዕቃው በቅርብ የሚገኝ፣ የአካባቢው ሜካኒክም በእጁ የሚያውቀው ነው። የባለሥልጣኑ ናፍጣ ቪ ኤይት እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣ 4.5 ሊትር ባለ ሁለት ተርቦ ሞተር ነው። ኃይሉ ያስቀናል። ነገር ግን ነዳጁን በከፍተኛ ግፊት በኮምፒውተር እየለካ የሚረጭ በመሆኑ ቆሻሻ ወይም ውኃ ያለበት ናፍጣ አይወድም። ጀሪካን ለጀሪካን ሲገለበጥ የዋለ ነዳጅ የአሮጌው ሞተር ሆድ ይችለዋል፤ የአዲሱ ግን አይችለውም።

አራተኛ፣ ከካምቢዮው ጋር ይጋባል? ሞተርና ካምቢዮ የሚገናኙበት ቅርጽ ከሞተር ሞተር ይለያያል። ካልገጠመ መሃል የሚገባ ብረት በቶርኖ ማስቀረጽ ያስፈልጋል። ያ ብረት በጥቂቱ ከተዛነፈ ፍሪሲዮኑም የካምቢዮው ኩሽኔታም ቶሎ ያልቃሉ። ከተቻለ ሞተሩን ከነካምቢዮው መግዛት ይመረጣል።

አምስተኛ፣ ኤሌክትሪኩስ? አንዳንዶቹ የናፍጣ ላንድ ክሩዘሮች በ24 ቮልት ሲሠሩ ቤንዚኖቹ በ12 ናቸው። ይህን ሳያጣራ ሞተር የገዛ ሰው ሞተሪኖውን፣ ዲናሞውን፣ አምፖሉን ሁሉ እንደገና ሊገዛ ነው።

ስድስተኛ፣ ክብደቱና ሙቀቱ? ከባድ ሞተር የፊቱን ባሌስትራ ያስጎነብሳል። ትልቅ ሞተር በትንሽ ራዲያተር ዳገት ላይ ይፈላል። ሞተር ሲለወጥ እነዚህም አብረው ይለወጣሉ፤ በጀቱም አብሮ መታሰብ አለበት።

አሜሪካኖች የባለ 40ውን ሞተር አውጥተው 5.7 ሊትር የሼቭሮሌት ቪ ኤይት ማስገባት የቆየ ልማዳቸው ነው። ለእነሱ ያዋጣል፤ ዕቃው በየከተማው አለ፣ መንገዱም አስፋልት ነው። እኛ ጋ ቢሆን ግን የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይሆናል።

የሚረሳው ነገር፦ ፍሬን

የመጀመሪያዎቹ ባለ 40 ላንድ ክሩዘሮች አራቱም ጎማ ላይ ከበሮ ፍሬን ነበራቸው። ከበሮ ፍሬን ውኃና ጭቃ ሲገባበት ይደክማል፤ ረጅም ቁልቁለት ላይ ሲግልም እንደዚያው። ይህ ፍሬን የተሠራው ለድሮው ሞተር ነው። ሞተሩን አጠንክሮ ፍሬኑን መተው ማለት እንግዲህ መሮጥን አስተምሮ መቆምን መንፈግ ነው። ከኋላ አሥር ሰው ተቀምጦ ቁልቁለት መውረድ ከታሰበ የፊት ጎማዎቹን ወደ ዲስክ ፍሬን መለወጥ የቅንጦት ጉዳይ አይደለም።

ሻኪሶ የሚኖር አጎቴ የቡና ብር ይዞ ጋራዥ ሲገባ ሐሳቡ ሌላ ነበር። ወንበሮቹን አሳምሮ፣ ቴፕ አስገጥሞ፣ ከዚያ የተረፈውን ለሞተር ሊያደርግ ነበር። ሜካኒኩ ግን ጎማውን አውርዶ ከበሮውን አሳየውና «ጋሼ፣ ወንበሩ የትም አይሄድም፤ መኪናው ግን በዚህ ፍሬን የትም ሊሄድ ይችላል» አለው። አጎቴ ብዙ ተከራከረ፤ በመጨረሻ ግን ብሩ ፍሬን ላይ ዋለ። ወንበሩ ለሚቀጥለው ቡና ተቀጠረ።

ወረቀቱ

የሞተር ቁጥር ከሻንሲ ቁጥር ጋር ሊብሬ ላይ ተመዝግቧል። የተሽከርካሪ መለያ፣ መመርመሪያና መመዝገቢያ አዋጅ ቁጥር 681/2002 የሚባል ሕግም አለ። ስለዚህ ያገለገለ ሞተር የሚገዛ ሰው የሽያጭ ውልና የጉምሩክ ዲክላራሲዮን አብሮ መቀበል፣ ለውጡንም ማስመዝገብ ይኖርበታል። ወረቀት የሌለው ሞተር ሲገዙት ይረክሳል፤ ለቦሎ ምርመራ ሲቀርቡ ወይም መኪናውን ሲሸጡ ግን ይወደዳል። ሞተሩ የተሰረቀ ሆኖ ከተገኘ ደግሞ ነገሩ ከገንዘብ ያልፋል። ከመግዛት በፊት ትራንስፖርት ጽሕፈት ቤት ሄዶ «ይህን ሞተር ይህ መኪና ላይ ብገጥም ትመዘግቡልኛላችሁ ወይ?» ብሎ መጠየቅ አንድ ቀን ቢፈጅ ነው።

አሁን ወደ ውስጥ እንግባ

ስለ ሞተር ይህን ያህል ያወራሁት ውስጡን ንቄው አይደለም። ሰው የሚቀመጠው ሞተር ላይ አይደለማ!

ዋናው ምርጫ የወንበሩ አቀማመጥ ነው። የድሮው ረጅም ላንድ ክሩዘር ከኋላ ጎንና ጎን ትይዩ የሆኑ አግዳሚ ወንበሮች አሉት። ጥቅማቸው ግልጽ ነው፤ ብዙ ሰው ይይዛሉ፣ ሲታጠፉም ለጆንያ ቦታ ይለቃሉ። ጉዳታቸው ደግሞ በድንገት ፍሬን ሲያዝ ሰው ሁሉ ወደ ፊት አንዱ ባንዱ ላይ መከመሩ ነው። ወደ ፊት የሚያይ ባለ ቀበቶ ወንበር ሰው ይቀንሳል፤ ነገር ግን ያድናል። ቀበቶው መታሰር ያለበት ከሻንሲው ጋር በተያያዘ ጠንካራ ብረት ላይ እንጂ በተራ ላሜራ ላይ መሆን የለበትም። ላሜራ በግጭት ጊዜ ይቀደዳል።

ቀጥሎ ልባሱ ነው። ጨርቅ ይመቻል፤ ግን የመንገዱን አቧራ ጠጥቶ ያስቀምጣል። እውነተኛ ቆዳ ያምራል፤ ካልታሸ ግን ቆላው ፀሐይ ይሰነጥቀዋል። ፕላስቲክ ቆዳ ቀን ቀን ቢያቃጥልም በውኃ ይታጠባል። ለሥራ መኪና ብዙ ታፒሴሪዎች ይህንኑ የሚመርጡት ለዚህ ነው። ከልባሱ በላይ ግን ከሥር ያለው ስፖንጅ ይወስናል። ለስላሳ ስፖንጅ ሱቅ ውስጥ ሲቀመጡበት ደስ ይላል፤ ረጅም የጠጠር መንገድ ላይ ግን ብረቱን ያስነካል። ጠንከር ያለው ይሻላል።

ወለሉ ላይ ምንጣፍ ማንጠፍ የተለመደ ነው። ጭቃ ያለበት እግር የሚገባበት መኪና ውስጥ ግን ምንጣፍ ሥር የገባ ውኃ አይደርቅም፤ ላሜራውን በዝምታ ይበላዋል። ተነስቶ የሚታጠብ ጎማ ይበቃል። በሞተሩና በተሳፋሪው መካከል ያለው ግድግዳ ላይ ሙቀትና ድምፅ የሚከለክል ነገር ማልበስ ደግሞ ብዙ ሳያስወጣ ትልቅ ዕረፍት ይሰጣል።

ከሁሉም በላይ የውኃ ሙቀትና የዘይት ግፊት ቆጣሪዎች ይሥሩ። ሞተር ሲለወጥ የቆጣሪው አነፍናፊም አብሮ ካልተለወጠ መርፌው ይዋሻል፤ ሞተሩ እየፈላ «ደህና ነኝ» ይላል።

ቅደም ተከተሉ

እንግዲህ ለማጠቃለል፣ መጀመሪያ የቴላዮው ጤና ይመርመር፤ ብረቱ በዝገት ከተበላ ሌላው ሁሉ ኪሳራ ነው። ከዚያ ወረቀት፣ ከዚያ ሞተርና ካምቢዮ፣ ከዚያ ፍሬን፣ ራዲያተርና ኤሌክትሪክ፣ በመጨረሻ ባቲላሜራውና ታፒሴሪው ይግቡ። ብዙዎቻችን የምንጀምረው ከመጨረሻው ነው፤ ምክንያቱም ሰው የሚያየው እሱን ነው። ውጤቱም ላዩ አምሮ ውስጡን ለቄስ ይሆናል። ደግሞም አዲስ የለበሰ ወንበር ሞተር በሚወርድበት ቀን በግሪስ እጅ ይበላሻል፤ ሥራው ሁለት ጊዜ ይከፈላል።

ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ባሌስትራ፣ ቴላዮ፣ ባቲላሜራ፤ እነዚህ ቃላት ሁሉ ከጣሊያንኛ መጥተው በሜካኒኮቻችን አፍ አማርኛ ሆነዋል። ስለ ጋራዥ መዘገብ የሚፈልግ የክፍላችን ተማሪ ካለ መዝገበ ቃላት ከመግለጡ በፊት አንድ ቀን ከመኪና ሥር ቢተኛ ይሻለዋል። እስከዚያው ግን እናንተም ሆናችሁ ዘመዶቻችሁ ሞተር ልትለውጡ ስትነሱ ሜካኒኩን ከዋጋው በፊት ይህን ጠይቁት፦ «ሞተሩ ሲገባ ሌላ ምን ምን አብሮ ይለወጣል?» «ምንም» ካላችሁ ሌላ ጋራዥ ፈልጉ። ዝርዝር ከቆጠረላችሁ ግን ቁጭ ብላችሁ ጻፉት፤ እውነተኛው ዋጋ እዚያ ላይ ነው።

ቸር እንሰንብት።