ፓምፑ ይጮኻል፣ ውሃ ግን አይወርድም

በሐረር፣ ከሐኪም ጋራ ግርጌ እስከ ጀጎል ግንብ ውስጥ፣ የቤት ኤስፕሬሶ ማሽን ልጠግን ስሄድ ደጋግሜ የምሰማው «ፓምፑ ተቃጥሏል» የሚል ነው። አብዛኛውን ጊዜ አልተቃጠለም። አዲስ ከመግዛታችሁ በፊት ይህን ሞክሩ።

የቡናውን እጀታ አውጡና ውሃ ልቀቁ። በደንብ ከወረደ ማሽኑ ጤነኛ ነው፤ ቡናው ከልክ በላይ ደቅቋል ወይም ተጠቅጥቋል። ካልወረደ የሙቅ ውሃውን መክፈቻ ክፈቱ። በዚያ ከመጣ የተደፈነው ቡናው የሚወርድበት ወንፊት ወይም ቫልቩ ነው። በሁለቱም እምቢ ካለና ፓምፑ ከወትሮው በላይ ከጮኸ አየር ገብቶበታል። የውሃ መያዣውን አውጥታችሁ በደንብ ግጠሙ፤ መክፈቻው ክፍት እንደሆነ ፓምፑን ለጥቂት ሰከንድ እያስነሳችሁ አሳርፉት። ያለ ውሃ ብዙ ከሠራ ግን የእውነት ይቃጠላል።

ወተት ካሞቃችሁ በኋላ እንፋሎት ብቻ የሚተፋውስ? ሐረር 1,900 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃ በ94 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል፤ ለወተት የጋለው ቦይለር (የውሃ ማሞቂያው) ደግሞ ከዚያ በላይ ነው። ቦይለሩ እስኪበርድ በመክፈቻው ትንሽ ውሃ ልቀቁ።

ትልቁ ጠላት ኖራ ነው። የሐሮማያ ሐይቅ ከደረቀ ወዲህ ከተማችን የምትጠጣው በአብዛኛው በድሬዳዋ በኩል ከሚመጣ፣ ኖራ ከሚበዛበት የጉድጓድ ውሃ ነው። ማንቆርቆሪያ ውስጥ የሚጋገረው ነጭ ነገር በማሽኑ ቀጭን ቱቦም ይጋገራል። የማሽኑ መመሪያ ከፈቀደ በአንድ ሊትር ውሃ 20 ግራም ያህል ሲትሪክ አሲድ በጥብጣችሁ እጠቡት፣ ከዚያ በንጹህ ውሃ ደጋግማችሁ አለቅልቁት። ከሮቶ የቀዳችሁትንም አጣሩ፤ ደለሉ ቫልቭ ይደፍናል።

እባካችሁ፣ ሶኬቱን ሳትነቅሉና ማሽኑ ሳይበርድ ክዳኑን አትፍቱ።